ድምፁና ከንፈሩ ለምን አይገጥምም? የትራሽ ፊልምና የጣሊያኖቹ አሠራር

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ አንድ አክሽን ፊልም አይቼ ነበር። ከተማው ፈራርሷል። አክተሩ ትራሽ ይባላል፤ ጸጉሩ ረጅም ነው፤ ሞተር ይነዳል። መጨረሻ ላይ ፖሊሶች ፈረስ ላይ ተቀምጠው እሳት ይረጫሉ። በቅርቡ ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ስደግመው የሰዎቹ ድምፅና ከንፈር አይገጥምም። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው ሲሉኝ ደግሞ ይበልጥ ግራ ገባኝ። ጣሊያኖች ኒውዮርክ ምን አገባቸው? ድምፁስ ለምን እንዲህ ሆነ? እኔና ጓደኞቼ በትንሽ ገንዘብ ስለ ወደፊት ዘመን አጭር ፊልም ልንሠራ አስበናል። ከዚህ ፊልም የምንወስደው ነገር ይኖራል?

ምላሽ፦ ያየኸው «1990 የብሮንክስ ተዋጊዎች» ነው። የወጣው በ1982 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዳይሬክተሩ ኤንዞ ካስቴላሪ ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ፋብሪዚዮ ዴ አንጀሊስ። በ1983 «ከብሮንክስ ማምለጥ» የሚል ተከታይ ወጣ፤ እዚያም ትራሽ አለ፤ እዚያም እሳት የሚረጩ ሰዎች አሉ። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያምታታው ለዚህ ነው። ፈረሶቹ ግን የመጀመሪያው ላይ ናቸው።

ታሪኩን ላስታውስህ። ዘመኑ 1990 ነው። የኒውዮርክ አንዱ ክፍል የሆነው ብሮንክስ ሕግ የማይገባበት ሰፈር ተብሎ ተትቷል። አን የምትባል የአንድ ትልቅ የማንሃታን ኩባንያ ወራሽ ከቤቷ ጠፍታ ወደዚያ ትገባለች፤ ከትራሽና ከሞተረኞቹ ጋር ትሆናለች። ኩባንያው እሷን እንዲመልስ ሐመር የሚባል ጨካኝ ሰው ይልካል። ሐመር ወንበዴዎቹን እርስ በርስ እያባላ ሥራውን ይሠራል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚንቀው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ በሙያዬ የድምፅና የኤዲቲንግ ሰው ስለሆንኩ በደንብ ላስረዳህ እፈልጋለሁ። ድምፁ ተበላሽቶ የወጣ አይደለም። አሠራሩ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ፊልም የሚቀረጸው ድምፁ በኋላ እንደሚሠራ ታስቦ ነበር። ካሜራው ምስሉን ይይዛል። ቦታው ላይ ድምፅ ከተቀዳም ለማስታወሻ ያህል ነው፤ ማን ምን እንዳለ በኋላ እንዳይጠፋ። ዋናው ሥራ የሚጀመረው ምስሉ ኤዲት ተደርጎ ካለቀ በኋላ ነው። ፊልሙ በአጫጭር ቁራጭ ይከፋፈላል። አንዱ ቁራጭ ስክሪን ላይ እየተመላለሰ ይታያል። ድምፅ ሰጪው ማይክ ፊት ቆሞ ከንፈር እያየ ቃሉን ያስገባል። ሲገጥምለት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ኮቴው፣ የልብሱ ኮሽታ፣ የበሩ ሲጥ ማለት፣ ቡጢው፣ ሁሉም ለብቻ በሌላ ባለሙያ እጅ ይሠራል። የእነዚያ ፊልሞች ቡጢ እንደ ጅራፍ የሚጮኸው ስቱዲዮ ውስጥ ተሠርቶ ስለሚገባ ነው።

ልማዱ ከሙሶሊኒ ዘመን ይመጣል። በ1930 መንግሥት በውጭ ቋንቋ የሚናገር ፊልም በአገሪቱ እንዳይታይ ከለከለ። በ1933 ደግሞ የውጭ ፊልም ወደ ጣሊያንኛ ሲመለስ ሥራው እዚያው ጣሊያን ውስጥ እንዲሠራ ታዘዘ። ሮም በዚህ ሙያ የሚተዳደር ብዙ ሰው አፈራች። አገዛዙ ወደቀ፤ ሙያው ግን ቀረ። ስቱዲዮው አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ተመልካቹም ለምዶታል። ስለዚህ የራሳቸውን ፊልምም በዚያው መንገድ መሥራት ቀጠሉ።

የርካሽ ፊልም ብቻ ጉዳይ እንዳይመስልህ። ታላቁ የጣሊያን ዳይሬክተር ፌሊኒም በዚሁ መንገድ ነበር የሚሠራው። አንዳንድ ተዋናዮቹን ካሜራ ፊት ቁጥር ያስቆጥራቸው ነበር፤ ንግግሩ በኋላ ይገባል። ተዋናይቷ ክላውዲያ ካርዲናሌ ቱኒዝያ ተወልዳ ፈረንሳይኛ እየተናገረች ነው ያደገችው። በመጀመሪያዎቹ የጣሊያን ፊልሞቿ ላይ የምንሰማው የሌላ ሴት ድምፅ ነው። በራሷ ድምፅ የተሰማችው በ1963 በፌሊኒ «ስምንት ተኩል» ነው። በዓለም የተደነቁት ፊልሞችና ትራሽ ከአንድ ዓይነት ስቱዲዮ ነው የወጡት።

ቃና ቴሌቪዥን ከተከፈተ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲናገር ማየት ለምደናል። ስለዚህ ነገሩ ብዙ እንግዳ አይሆንብህም። አንድ ልዩነት ግን አለ። የቱርኩ ድራማ መጀመሪያ በቱርክኛ የተነገረ ድምፅ አለው፤ አማርኛው እሱን ተክቶ ነው የሚገባው። የትራሽ ፊልም እንዲህ ያለ መነሻ የለውም። ሐመርን የሚጫወተው ቪክ ሞሮውና የአንዱን ወንበዴ ቡድን መሪ የሚጫወተው ፍሬድ ዊልያምሰን አሜሪካውያን ናቸው። አብረዋቸው የሚጫወቱት አብዛኞቹ ጣሊያኖች ናቸው። ለእንግሊዝኛው ገበያ አንድ ቅጂ ይሠራል፤ ለጣሊያኑ ሌላ። ሁለቱም በኋላ የተሠሩ ናቸው። «ትክክለኛውን ቅጂ አምጡልኝ» ብትል የሚመጣልህ የለም።

ጥቅሙ ብዙ ነበር። ከአራት አገር የመጡ ተዋናዮች አንድ ትዕይንት ላይ መጫወት ይችላሉ። ካሜራው ቢጮህም ግድ የለም። መንገዱ ላይ መኪና ቢያጓራ ቀረጻው አይቆምም። ዳይሬክተሩ ተኩስ መሀል ቆሞ «ወደ ግራ! አሁን ውደቅ!» እያለ መምራት ይችላል። በቀን የሚቀረጸው ሾት ቁጥር ይጨምራል፤ በጀቱ ይቀንሳል። ጉዳቱን ደግሞ አንተው አይተኸዋል። ዓይኑ የሚቆጣውና ድምፁ የሚቆጣው ሰው የተለያዩ ናቸው፤ ተመልካቹ ባይገባውም ይሰማዋል።

ጣሊያኖች ኒውዮርክ ምን አገባቸው ላልከው፣ ገበያው ነው የወሰዳቸው። የጣሊያን የንግድ ፊልም በማዕበል ነበር የሚሄደው። በ1958 አንድ የሄርኩለስ ፊልም ገንዘብ ሲያመጣ ጡንቻ ያለው ሰው ሁሉ ሰንደል ተጫምቶ ካሜራ ፊት ቆመ። በ1964 ሰርጂዮ ሊዮኔ በካውቦይ ፊልም ሲያሸንፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካውቦዮች ተከተሉ። ከዚያ የፖሊስ ፊልም፣ ከዚያ የዞምቢ። በ1979 የሉቺዮ ፉልቺን የዞምቢ ፊልም ፕሮዲዩስ ካደረጉት አንዱ ይኸው ዴ አንጀሊስ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሦስት የውጭ ፊልሞች አዲስ ማዕበል አስነሱ። እነሱም የ1979ኙ የኒውዮርክ ወንበዴዎች ታሪክ «ዋሪየርስ»፣ የጆን ካርፔንተር «ከኒውዮርክ ማምለጥ» እና ሁለተኛው «ማድ ማክስ» ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የ1981 ናቸው። ካስቴላሪ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወስዶ ትራሽን ሠራ። ከሦስተኛው ወስዶ «አዲሶቹ አረመኔዎች» የሚለውን ሠራ።

ከጀርባው ጭንቀትም ነበር። በ1976 የጣሊያን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የግል ጣቢያዎች በየአካባቢው እንዲያሰራጩ በር ከፈተ። ጣቢያዎች እንደ አሸን ፈሉ፤ ቀኑን ሙሉ ፊልም ያሳዩ ጀመር። በ1975 የጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ከ500 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠው ነበር። በ1985 ቁጥሩ 130 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። አገር ቤት ገበያው ሲደርቅ ፕሮዲዩሰሮቹ ውጭውን ተማመኑ። የቪዲዮ ካሴት ሱቅ በአሜሪካና በእንግሊዝ የተስፋፋበት ጊዜ ስለነበር መደርደሪያ የሚሞላ ፊልም ተፈላጊ ነበር። አንተ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የደረሰውም ያ የካሴት ዘመን በከፈተው መንገድ ነው።

ለውጭ ገበያ ደግሞ የፈረንጅ፣ ማለትም የአሜሪካ ስም ያስፈልጋል። ሊዮኔ ራሱ በ1964 ቦብ ሮበርትሰን ተብሎ ነው የወጣው። ሰርጂዮ ማርቲኖ በ1983 «2019 ከኒውዮርክ ውድቀት በኋላ» የሚለውን ሲሠራ ማርቲን ዶልማን ሆነ። ትራሽን የተጫወተው ልጅ ማርኮ ዲ ግሬጎሪዮ ነው፤ ፖስተሩ ላይ ማርክ ግሪጎሪ ተባለ። ጂም ውስጥ የተገኘ ወጣት እንጂ ተዋናይ አልነበረም። እሱን ከሚታወቁ አሜሪካውያን ጋር ማሰለፍም የገበያው ስልት ነው። ዊልያምሰን የታወቀ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ሞሮው በ1960ዎቹ በ«ኮምባት» የጦርነት ድራማ አሜሪካ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ሞሮው ጁላይ 23 ቀን 1982 ሌላ ፊልም ሲቀረጽ ሄሊኮፕተር ወድቆበት ሞተ፤ አብረውት ሁለት ሕፃናት ሞቱ። የትራሽ ፊልም አሜሪካ ሲኒማ የገባው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሐመርን ሳይ ይህ ሁልጊዜ ይከብደኛል።

ማስመሰል ግን ድንበር አለው። ካስቴላሪ ከትራሽ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1981፣ ሞሮውን ይዞ የሻርክ ፊልም ሠርቶ ነበር። ዩኒቨርሳል ኩባንያ «የእኛን ‹ጆውስ› ገልብጣችኋል» ብሎ ከሰሰ። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከሲኒማ ቤት ተነሣ። ይህን የምነግርህ እናንተም ታዋቂ ፊልም አይታችሁ ስለምትነሡ ነው። ስሜቱንና የታሪኩን ዓይነት መውሰድ ይቻላል። ትዕይንቱን በቅደም ተከተሉ መውሰድ ሌላ ነገር ነው።

አሁን በዚህ ፊልም ላይ ከሁሉ በላይ የማስብበትን ልንገርህ። ቦታውን።

የውስጥ ትዕይንቶቹ ሮም ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጸዋል። የውጩ ግን እውነተኛ ኒውዮርክ ነው። የምታየው የፈረሰ ሕንፃ፣ ባዶ መስኮት፣ የጡብ ክምር በአብዛኛው ማንም ለፊልም የሠራው አይደለም። ደቡብ ብሮንክስ በ1970ዎቹ በእርግጥ ተቃጥሏል። ባንኮች ለሰፈሩ ብድር ከልክለው ነበር። ከተማው በ1975 ሊከስር ደርሶ የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን ዘጋ። የኢንሹራንስ ገንዘብ ለማግኘት የገዛ ሕንፃቸውን የሚያስቃጥሉ ባለቤቶች ነበሩ። ከ1970 እስከ 1980 ባለው ጊዜ የብሮንክስ ሕዝብ ወደ 300 ሺህ በሚጠጋ ቀነሰ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1977 ቻርሎት ስትሪት ላይ ቆሞ ፍርስራሹን ሲያይ የተነሣው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። የምርጫ ተፎካካሪው ሬገንም በ1980 እዚያው ሄዷል።

አንድ ዳይሬክተር ይህን ስፋት ያለው ፍርስራሽ ልገንባ ቢል የሚበቃው በጀት አይኖርም። ካስቴላሪ ካሜራውን ይዞ ሄደ፤ ወደፊቱ ዘመን ቆሞ ጠበቀው። በወንዙ ዳር ሁለቱ ወንበዴ ቡድኖች ሲገናኙ አንድ ሰው ብቻውን ከበሮ ይመታል። ድልድዩ ከኋላ ይታያል። ማንም ስለ ከበሮ መቺው አያብራራም። ውጥረቱን የሚሠራው የእሱ ምት ነው። ገንዘብ ያልፈጀ፣ ግን ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ብቻ የሚሠራው ትዕይንት ነው። ለእኔ የፊልሙ ጫፍ እሱ ነው።

የማይመቸኝም እዚሁ ላይ ነው። በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ሰው ይኖር ነበር። ፖርቶሪኳውያን፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ የትም መሄጃ ያጡ ቤተሰቦች። ፊልሙ ውስጥ እነሱ የሉም፤ ወንበዴ ብቻ ነው ያለው። የብሮንክስ ነዋሪዎች በ1981 ስለ ሰፈራቸው የተሠራ አንድ ትልቅ የአሜሪካ የፖሊስ ፊልም እንደ አውሬ አሳይቶናል ብለው ሰልፍ ወጥተውበት ነበር። ሁለተኛው የትራሽ ፊልም በዚህ በኩል ይሻላል ባይ ነኝ። እዚያ ላይ አንድ የግንባታ ኩባንያ አዲስ ከተማ ለመሥራት ነዋሪውን ሊያስወጣ ይመጣል፤ አልወጣም ያለውን እሳት የሚረጭ ጓድ ይጠብቀዋል። ነዋሪው ፊት አለው። የሚጠፋው ነገር የሰው ቤት መሆኑ ይታወቃል። አክሽኑ የበለጠ የሚያስጨንቀውም ለዚህ ነው።

ለእናንተ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የፈረሰ ሰፈር ታያላችሁ፤ የወደፊት ዘመን ፊልም ለሚያስብ ሰው ካሜራ ይዞ መግባት ያጓጓል። ግቡ። ግን እዚያ የኖሩትን ሰዎች መጀመሪያ አናግሩ። አስፈቅዱ። ከተቻለ ፊልሙ ውስጥ አስገቧቸው፤ ታሪካቸውን ስሙ። ከምታስቡት ስክሪፕት የተሻለ ነገር ይነግሯችኋል።

ገንዘቡ የት ሄደ? ይህን ፊልም ስታይ በዚህ ጥያቄ እየው። ልዩ ኢፌክት የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። የጨረር መሣሪያ የለም፣ ሮቦት የለም። ዘመኑን የሚነግርህ ልብስና አካሄድ ነው። አንደኛው ቡድን ሮለር ስኬት ተጫምቶ በሆኪ ዱላ ይዋጋል። ሌላው ክብ ባርኔጣ አድርጎ እየጨፈረ ይመጣል። የዊልያምሰን ቡድን ደግሞ ሽክ ብሎ ለብሶ በአሮጌ የቅንጦት መኪና ይሄዳል። ቡድኑን ገና ከሩቅ ትለየዋለህ። ለዚህ ያስፈለገው ልብስ ሰፊና ሐሳብ ነው። ቀሪው ገንዘብ ወደ ስታንት፣ ወደ ሞተር፣ ወደ ፍንዳታ ሄደ። ካስቴላሪ ገና በካውቦይ ፊልሞቹ ጊዜ ጀምሮ ድብድብን በስሎ ሞሽን ማሳየት ይወዳል። ስሎ ሞሽን አንድን አወዳደቅ ሦስት እጥፍ ያስረዝማል፤ አንድ ስታንት ብዙ ይሠራል።

በካውቦዮቹ ዘመን ደግሞ ከዚህ የባሰ ቁጠባ ነበር። ቴክኒስኮፕ የሚባል ዘዴ ነበራቸው። የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ምስል ለመያዝ አራት የጎን ቀዳዳ ያህል ርዝመት ይፈጃል። በቴክኒስኮፕ ሁለት ይበቃል። ምስሉ ወደ ጎን ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ ይወጣል፤ የፊልሙ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። እነዚያ ሰፋፊ የበረሃ ምስሎች ከቁጠባ ጭምር የመጡ ናቸው።

ለማነጻጸር «አዲሶቹን አረመኔዎች» እየው። ዓለም ጠፍታለች ይልሃል፤ የምታየው ግን በአብዛኛው ሮም አካባቢ ያለ የድንጋይ ካባ ነው። መኪናዎቹ ላይ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ተለጥፏል። ክላውዲዮ ሲሞኔቲ የሠራው የሲንተሳይዘር ሙዚቃ ግን እስከ መጨረሻው ይጎትትሃል። ያው ዳይሬክተር፣ ያው ዘመን፤ ቦታው ሲቀየር ፊልሙ ስንት እንደሚቀንስ ታያለህ። የማርቲኖ ፊልም ደግሞ ኒውዮርክን በትንሽ ሞዴል ሠራት። ሞዴል መሆኑ ይታወቃል፤ ቢሆንም ውበት አለው።

ትራሽ ድክመቱ ብዙ ነው። የስክሪፕቱ መሀል ይልፈሰፈሳል። ማርክ ግሪጎሪ መልኩና ቁመናው አለው፤ ስሜት ሲጠየቅ ግን ፊቱ አይታዘዘውም። አን ለታሪኩ ምክንያት ከመሆን አልፋ ሰው አትሆንም። ተጫዋቿ የካስቴላሪ የራሱ ልጅ ስቴፋኒያ ናት፤ የተሻለ ሊጻፍላት ይገባ ነበር።

እንግዲህ የእናንተ ሥራ። ስክሪፕቱን ከመጻፋችሁ በፊት ቦታ ፈልጉ። ያለ ምንም ጭማሪ የወደፊት ዘመን የሚመስል አንድ ቦታ ካገኛችሁ ታሪኩን ለእሱ ጻፉ፤ ገጸ ባሕርያቱን በልብስና በአካሄድ ለዩ።

ስለ ድምፅ ግን ጣሊያኖቹን እንዳለ አትከተሉ። እነሱ ከጀርባቸው የሃምሳ ዓመት ስቱዲዮና ባለሙያ ነበራቸው። እናንተ የላችሁም። አማርኛ ለሚሰማ ሰው አንድ ቃል ከንፈር ላይ ቢዘገይ ወዲያው ይታወቃል፤ የገዛ ቋንቋው ነዋ። ንግግር ያለበትን ትዕይንት ጸጥ ባለ ሰዓትና ቦታ ቅረጹ፤ ድምፁን እዚያው በደንብ ያዙ። ድብድቡን፣ ሩጫውን፣ ሞተሩን ግን በጣሊያኖቹ መንገድ ያለ ድምፅ ቅረጹና በኋላ ሥሩት። ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። ጀነሬተር ወይም የሚኒባስ ረዳት ጥሪ ንግግሩን ካበላሸባችሁ፣ ሾቱ እንዳለቀ ተዋናዩ ሳይበርድ እዚያው አጠገብ ጸጥ ያለ ጥግ ውሰዱትና ቃሉን ብቻ ሦስት አራት ጊዜ አስደግሙት። ከሳምንት በኋላ ስቱዲዮ ከሚሰጣችሁ ድምፅ ያ ይበልጣል፤ ትንፋሹ ገና የትዕይንቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ለአንድ ደቂቃ የቦታውን ባዶ ድምፅ ቅዱ፤ ኤዲት ስታደርጉ ክፍተት የምትሞሉት በእሱ ነው። ቦታ ለማየት ስትሄዱም ካሜራማኑን ብቻ አትውሰዱ። ድምፅ የሚሠራው ልጅ አብሮ ይሂድ፤ ቀረጻው በሚሆንበት ሰዓት እዚያ ቆሞ ይስማ።